ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ተቅማጡ ተመለሰብኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

«የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሳንባ ምች ይዞኝ ደሴ ሆስፒታል ተኝቼ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ 10 ቀን ተወጋሁ። ሳሉ ሲለቀኝ ተቅማጥ ጀመረኝ፤ በቀን 12 ጊዜ ድረስ እመላለስ ነበር። ሰገራዬን መርምረው ‹ሲ ዲፊሲል› የሚባል ባክቴሪያ ነው አሉኝ። ከዋርዱ አውጥተው ለብቻዬ አስተኙኝ፤ የሚገባው ሁሉ ጓንትና ሽርጥ እየለበሰ ነው። አልጋ ላይ አምልጦኝ ልጄ ስታጥበኝ ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ገደለኝ። ሜትሮኒዳዞል ወስጄ ተሽሎኝ ወጣሁ፤ በ12ኛው ቀን ተመለሰ። አሜባ መስሎኝ ፋርማሲ ሄጄ ቲኒዳዞል ገዛሁ፤ ትንሽ ቀን ቆመና እንደገና ጀመረ። አሁን ባለቤቴ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ አይበላም፤ የልጅ ልጄንም እንዳላቅፍ ተብዬአለሁ። ለቀጠሮ ወደ ደሴ ስሄድ ሐረጎ ላይ እንዳይዘኝ ፈርቼ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። ውዱእና ሶላት ተቸግሬአለሁ፤ ረመዳንም እየመጣ ነው። ይህ በሽታ ይድናል ወይ? ሰው ያስይዛል ወይ? ምን አጥፍቼ ነው የተመለሰብኝ?»

ውድ እህታችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሳ። ምንም አላጠፉም። ንጽሕና ጎድሎዎት ወይም የማይበላ በልተው አይደለም። በዚህ ባክቴሪያ ታምመው ከታከሙ 5 ሰዎች 1ዱ ገደማ ይመለስበታል፤ የሚመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ባሉት 8 ሳምንታት ውስጥ ነው። 12ኛው ቀን ላይ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይድናል ወይ ላሉትም፦ አዎ፣ ይድናል። ለተመለሰውም ሕክምና አለው፤ ግን መጀመሪያ የወሰዱትን መድኃኒት ደግሞ በመዋጥ አይደለም።

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ ጎጂዎቹም ቦታ እንዳያገኙ ይከላከሉልናል። ሴፍትሪያክሶን የሳንባዎን ጀርም ሲያጠፋ እነዚህንም አብሮ አሳሳቸው። መርፌው ስህተት ነበር ማለታችን አይደለም፤ የሳንባ ምች ሳይታከም ቢቀር ይገድላል። ነገር ግን ሜዳው ባዶ ሲሆን ሲ ዲፊሲል ይራባና መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም የአንጀቱን ግድግዳ ያቆስለዋል። የቆሰለ አንጀት ውሃ መልሶ መምጠጥ ስለማይችል ውሃው ሁሉ በተቅማጥ ይወርዳል፤ ቁርጠቱም ትኩሳቱም ከዚያው ይመጣል። ሴፍትሪያክሶን ብቻም አይደለም እንዲህ የሚያደርገው፤ ክሊንዳማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኦግመንቲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም በተመሳሳይ መንገድ በር ይከፍታሉ። ዕድሜው ከ65 ያለፈና ሆስፒታል ረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

የሚመለስበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሲጨንቀው ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ይገባል፤ ክረምት እስኪገባ አፈር ውስጥ እንደሚቆይ ዘር ተኝቶ ይጠብቃል። መድኃኒቱ የነቃውን ይገድላል፣ የተኛውን አይነካውም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ጠባቂዎቹ ባክቴሪያዎች ገና አልተመለሱም፤ ስፖሩ ግን አለ። ስለዚህ ይነቃል። ሁለተኛው ተቅማጥ የመጣው እንዲህ ነው።

ቲኒዳዞሉስ? ቲኒዳዞል የሜትሮኒዳዞል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሲ ዲፊሲልንም በመጠኑ ስለሚያዳክመው ተቅማጡ ለጊዜው ጋብ አለ። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል። «በአሜባ መድኃኒት ተሻለኝ፣ ስለዚህ አሜባ ነበር» ይልና ሲመለስበት ያንኑ ይደግማል። በተራ የሰገራ ምርመራ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በሚታየው፣ አሜባ፣ ጃርዲያና የትላትል እንቁላል ይፈለጋል እንጂ ሲ ዲፊሲል አይታይም። «አሜባ ሲስት ታይቷል» የሚል ወረቀት ቢሰጥዎትም እንኳ ተቅማጡ ከእሱ ነው ማለት አይደለም፤ ሲስት፣ ማለትም በቅርፊት የተሸፈነ አሜባ፣ ይዘው ምንም የማያማቸው ብዙ ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ከእውነተኛው አሜባ የማይለይ፣ ጉዳት የሌለው ዓይነትም አለ። ሲ ዲፊሲልን ለማግኘት መርዙን ወይም የባክቴሪያውን ምልክት የሚፈልግ የተለየ ምርመራ መታዘዝ አለበት፤ ይህን የሚሠራው ሁሉም ላብራቶሪ አይደለም። እርስዎ አንድ ጊዜ ተገኝቶብዎታልና ወረቀቱን አይጣሉት፤ ዛሬ በእጅዎ ያለው ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው።

አሁን ማድረግ ያለብዎትን እንናገር። ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወደታከሙበት ሆስፒታል ይመለሱ። የመውጫ ወረቀትዎን፣ የምርመራውን ውጤትና የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይያዙ፤ የቲኒዳዞሉን ባዶ ፓኬት ሳይቀር። ከፋርማሲ ገዝቼ ነበር ማለት አያሳፍርም፤ ሐኪሙ ካላወቀ ግን ይሳሳታል። ናሙና ከተጠየቁ የሚመረመረው ቀጭኑ፣ የዕቃውን ቅርጽ ይዞ የሚፈሰው ሰገራ ነው። ሽንት ሳይነካው በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ያድርጉትና በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ፤ መርዙ በሙቀት ስለሚበላሽ ከኮምቦልቻ ሌሊት የተያዘ ናሙና ደሴ እስኪደርስ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። እዚያው ሆስፒታል ደርሰው ቢሰጡ ይሻላል።

መጀመሪያ በሜትሮኒዳዞል ለታከመና ለተመለሰበት ሰው የተለመደው ሕክምና በአፍ የሚወሰድ ቫንኮማይሲን ነው፤ 125 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ለ10 ቀን። ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ሰዓት ብለው ይያዙት። «በአፍ» የሚለው ላይ አጥብቀው ያስምሩበት፤ በደም ሥር የሚሰጥ ቫንኮማይሲን ወደ አንጀት ውስጥ ስለማይደርስ ለዚህ ሕመም አይሠራም። እንክብሉ ካልተገኘ በመርፌ ብልቃጥ የሚመጣው ዱቄት ተበጥብጦ ሊጠጣ ይችላል። 500 ሚሊ ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከተበጠበጠ እያንዳንዱ 2.5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ይይዛል። ይህን የሚያዘጋጀው ፋርማሲስቱ ነው፤ በቤትዎ አይሞክሩት። ጣዕሙ ይመራል፤ በጥቂት ጭማቂ መዋጥ ይቻላል። ፊዳክሶማይሲን የሚባል መድኃኒትም አለ፤ የመመለሱን ዕድል ከቫንኮማይሲን ይበልጥ ይቀንሳል፣ ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። ከዚያም በኋላ ቢመለስ ሐኪሞች ቫንኮማይሲኑን በአንዴ ከማቆም ይልቅ ለሳምንታት መጠኑን እየቀነሱና ቀኑን እያራራቁ ይሰጣሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስፖሩ በነቃ ቁጥር ይመታል፣ በመካከሉ ጠባቂዎቹ የሚያገግሙበት ቀን ያገኛሉ።

ሜትሮኒዳዞልን መደጋገም የማይመከረው አቅሙ አንሶ ብቻ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል፣ እግርና እጅ ያደነዝዛል። ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን፣ ሎፔራሚድን የመሰለ፣ ሐኪም ሳያዝ አይዋጡ። መርዙ እንዳይወጣ ዘግቶ ሆድን ይነፋል። ፌጦውም ኮሶውም እንዲሁ ይቅሩ፤ የቆሰለ አንጀት ላይ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር ነው። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ አሁንም ያስፈልገኛል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ለዚህ በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የደም ግፊት ኪኒን፣ በተለይ የሚያሸና ዓይነት ወይም ኢናላፕሪል፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ይህንንም ተቅማጥ ላይ ነኝ ብለው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ሰውነት በደረቀበት ሰዓት ሊጎዱ ይችላሉ፣ ለጥቂት ቀን ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል።

ከደብዳቤዎ ሁሉ በጣም ያሳሰበን ውሃ አልጠጣም ያሉት ነው። ተቅማጡ በራሱ ብዙ ጊዜ ሰው አይጥልም፤ የሚጥለው ድርቀቱ ነው። አንጀትዎ የሚያወርደው የጠጡትን ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከሰውነትዎ ይስባል። ስለዚህ ባይጠጡም ይይዝዎታል፤ ልዩነቱ ሐረጎ ላይ ራስዎን ስተው መገኘትዎ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀትም የራሱን ላብ ይጨምርበታል። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ሙሉውን ፓኬት በአንዴ ይበጥብጡት እንጂ በግምት አይከፋፍሉት፤ ጨው ከበዛ ጥማቱን ያባብሳል፣ ካነሰ አይጠቅምም። በወጡ ቁጥር 1 ወይም 2 ብርጭቆ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ፓኬቱ ከጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ይተካዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንልዎ። በቂ መጠጣትዎን በሽንትዎ ያውቁታል፤ በየጥቂት ሰዓቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠቁሮ ካነሰ አልበቃዎትም።

ለመንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም ጠመዝማዛ ነውና ይዘጋጁ። የአዋቂ ዳይፐር ከፋርማሲ ይገኛል፤ ካጡ ትልቁ ሞዴስ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ደርበው ያድርጉ። ትርፍ ቀሚስና የውስጥ ልብስ፣ ሁለት የሚታሰር ፌስታል፣ ሳሙናና አንድ ሃይላንድ ውሃ በአንድ ቦርሳ ይዘው በር አጠገብ ይቀመጡ። ከመነሳትዎ በፊት ሽንት ቤት ይግቡ፤ ወፍራም ቁርስና ቡና ከመንገዱ በኋላ ይሁን። ልጅዎ አብራ ብትሄድና ቢያስፈልግ ሾፌሩን እሷ ብታናግርልዎ ይቀላል። በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለሱ ከሆነና ቤተሰቡ ከቻለ ኮንትራት መያዝ ይሻላል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄዱ ነገሮች አሉ። ሰገራ ላይ ደም፣ 38.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ሲነሱ ዓይንን መጋረድና መውደቅ፣ ግማሽ ቀን ሽንት አለመሽናት፣ ሰው መለየት አለመቻል። ከእነዚህ ሁሉ ሰው የሚስተው ደግሞ አንድ አለ፤ ተቅማጡ በድንገት ቆሞ ሆድ ሲነፋና ሲጠጥር። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ቆመላት» ይላል፤ አንጀቱ ግን መንቀሳቀስ አቁሞ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና እስከማስፈለግ የሚያደርሰው ይህ ነው።

እፍረቱን በተመለከተ፣ ለብቻ ያስተኙዎት ስለተጸየፉዎት እንዳልሆነ ማንም ቁጭ ብሎ ያስረዳዎት አይመስለንም፤ ማስረዳት ነበረባቸው። ዋርዱ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ታካሚዎች አንቲባዮቲክ ላይ ናቸው፤ የእነሱም አንጀት ባዶ ሜዳ ነው። ስፖሩ በነርሷ እጅ፣ በአልጋው ብረት፣ በፖፖው አድርጎ ወደ እነሱ ቢደርስ ይታመማሉ። ጓንቱና ሽርጡ ለዚያ ነው። እርስዎም በዚሁ መንገድ ከሌላ ሰው ይዞዎት ሊሆን ይችላል፤ ማንም ጥፋት የለበትም። አልጋ ላይ ማምለጡም ቢሆን የተቃጠለ አንጀት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ነው፤ በዚህ በሽታ ከተኙት ብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው። ልጅዎ ስታጥብዎ ያፈሩትን ያህል እሷ አልተጸየፈችዎትም፤ እናቷን ነው ያጠበችው።

እንደገና ቢተኙ ማወቅ የሚጠቅምዎትን እንጨምር። ፖፖው ወይም ባልዲው ከአልጋው ሥር ሳይሆን እጅዎ በሚደርስበት በኩል ይቀመጥ፤ ሲስተሯን አስቀድመው ያሳውቁ። ከዳሌዎ በታች ፕላስቲክና በላዩ የሚታጠብ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ሲያመልጥ አልጋው ሁሉ አይነካም። መቀመጫዎ እንዳይላጥ በወረቀት ከመጥረግ ይልቅ በለብታ ውሃ ይታጠቡ፣ ሳይፈገፍጉ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁና ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት ይቀቡ። አስታማሚዎ በእርስዎ አልጋ ላይ ተቀምጣ አትብላ፣ ምሳ ዕቃውን አልጋው ላይ አታስቀምጥ፣ ከዚያ ተነስታ የጎረቤት ታካሚ አልጋ ላይ አትቀመጥ። የተለበሰው ጋቢ በፌስታል ታስሮ ወደ ቤት ይሂድ፤ ሳይራገፍ ይታጠብ።

ሰው ያስይዛል ወይ? ያስይዛል፤ ግን በትንፋሽ ወይም አብሮ በመቀመጥ አይደለም። ስፖሩ ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ሲሄድ ነው። ጤነኛና አንቲባዮቲክ የማይወስድ ሰው ቢነካው እንኳ ብዙ ጊዜ አይታመምም። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብዙዎቹ ባክቴሪያውን ይዘው ምንም አይሆኑም። ስለዚህ የልጅ ልጅዎን እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ይቀፉ። ቤት ውስጥ አንቲባዮቲክ የሚወስድ፣ ካንሰር የሚታከም ወይም የሸመገለ ሰው ካለ ግን ለእሱ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

እጅ መታጠብ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር አለ፤ ሳኒታይዘር ይህን ስፖር አይገድልም። አልኮል ቅርፊቱን አይሰብረውም። የሚሠራው ሳሙና፣ መፈተግና የሚወርድ ውሃ ነው፤ ስፖሩ አይሞትም፣ ታጥቦ ይሄዳል። ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ ጥፍር ሥርና አውራ ጣት ሳይረሳ። ቧንቧው በማይመጣበት ቀን ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይሰቀል፤ በሳፋ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ላይ ሁሉም እጁን ቢነክር ግን አልታጠበም።

ማንቆርቆሪያውን ልብ ይበሉ። ለሽንት ቤት የሚይዙትና ለውዱእ የሚጠቀሙበት አንድ ከሆነ ስፖሩ በእጀታው ላይ አድርጎ ቀጥታ ወደ አፍ ማጉመጥመጫው ይደርሳል። ሁለት ይሁኑ፤ ቀለማቸውም ይለይ። የሽንት ቤቱ እጀታ በየቀኑ በበረኪና ይጠረግ።

በረኪናው የሚሠራው እንዲህ ነው። ስፖሩ በደረቅ ቦታ ላይ ወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና ወይም ዴቶል አያጠፋውም። መለያው ላይ 5% ክሎሪን የሚል ከሆነ 1 ሲኒ በረኪና በ9 ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀላቀል። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙናና ውሃ ይነሳ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በተቀላቀለው ጨርቅ ነክረው የሽንት ቤቱን መቀመጫ ወይም መርገጫ፣ የበሩን እጀታ፣ ቧንቧውን፣ ባልዲውን፣ የመብራት ማብሪያውን ይጥረጉ፤ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያ በውሃ ይለቅለቅ። አብዛኛው ሰው ጠርጎ ወዲያው ያደርቀዋል፤ ያ ሥራው ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት ቦታ ነው። ጓንት ያድርጉ፣ በር ይክፈቱ። ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት፤ ሽንት ያለበት ፖፖ ውስጥም አይጨምሩት፣ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፤ መጀመሪያ ደፍተው ይጠቡት። የተቀላቀለው ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ለነገ ሌላ ይበጥብጡ። ተከራዮች የሚጋሩት ሽንት ቤት ከሆነ ለልጅዎ ይህን ሥራ ይስጧት፤ የታመመችው ምን እንዳላት ለግቢው ሁሉ ማውራት አያስፈልግም፣ «ተቅማጥ ይዟታልና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ብሎ መናገር ግን ይገባል። ስልክ ወደ ሽንት ቤት ይዘው አይግቡ።

የተበከለ ልብስና አንሶላ ከሌላው ተለይቶ ጨርቁ በሚችለው ሙቅ ውሃ በኦሞ ይታጠብ፤ ነጩ በረኪና ይችላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ለባለቤትዎ ይህን ያንብቡላቸው። ተቅማጡ እስኪቆምና ከዚያም በኋላ 48 ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ እርስዎ ለቤተሰቡ አያብስሉ፣ ሊጥ አያቡኩ፣ አያጉርሱ፤ እንጀራዎም በራስዎ ሳህን ይሁን። ይህ ትክክል ነው። አጠገብዎ ተቀምጦ መብላት፣ አንድ ክፍል መተኛት፣ ቡናውን አብሮ መጠጣት ግን ምንም አያመጣም፤ ሲኒው በሳሙና ይታጠባል እንጂ አይጣልም። 48 ሰዓቱ ሲያልፍ ወደ ትሪው ይመለሱ። እሳቸው ሊጠነቀቁ የሚገባው ከእርስዎ ሳይሆን ሳይታጠብ ከሚቀርብ እጅ ነው፣ የራሳቸውን ጨምሮ። ጥየቃ ለሚመጣ የቅሬ (የዕድር)ና የጎረቤት ሰውም ሲገባም ሲወጣም ሳሙና ቢቀርብ በቂ ነው፤ ጠያቂ አያባርሩ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ በየ6 ሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒትና በወጡ ቁጥር የሚጠጣ ኦአርኤስ ከጾም ጋር አይሄድም። ቁርአን በሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ሲድኑ ቀዷ ያወጣሉ። ከቁጥጥሩ ውጭ የሚፈስበት ሰው ደግሞ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ታጥቦና ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ብዙ ሊቃውንት ይፈቅዳሉ። ዝርዝሩን ለሰፈርዎ ሸኽ ይጠይቁ፤ ሕመሙን በስሙ መንገር ካስቸገረዎት «ሆዴን መያዝ አልችልም» ማለት ይበቃል።

ምግብ ላይ ብዙ አንልም። ሩዝ፣ የአጃ አጥሚት፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ አልጫ ወጥ ይስማማል፤ እንጀራ አይከለከልም። በርበሬና ቅባት ለጥቂት ሳምንት ይቀንሱ፤ ወተት ለጊዜው ላይስማማዎት ይችላል። ቡና ካማረዎት ከአቦሉ ይልቅ በረካውን ይጠጡ። እርጎ ይህን በሽታ ያድናል የሚለውን አይመኑ፤ ከተስማማዎት ግን ምግብ ነው።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ለሳምንታት ሆድዎ ቢንጫጫ፣ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ለስለስ ያለ ሰገራ ቢመጣ ተመለሰ ብለው አይደንግጡ፤ የቆሰለው እያገገመ ነው። የሚያሳስበው በ24 ሰዓት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ የሆነ ተቅማጥ፣ በተለይ ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ሲሆን ነው። በደብተር ላይ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ እንደወጡና ምን እንደሚመስል እየጻፉ ይያዙ፤ ለሐኪሙ ከረጅም ወሬ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። «ነጻ ሆኛለሁ ወይ» ለማለት ብቻ ተቅማጥ ሳይኖር ሰገራ አያስመርምሩ። የዳነ ሰውም ላይ ለሳምንታት ሊገኝ ስለሚችል ውጤቱ ያስደነግጥዎታል እንጂ የሚለውጠው የለም።

ከእንግዲህ አንቲባዮቲክ ሐኪም ሳያዝልዎ አንድ ፍሬ እንኳ አይዋጡ፤ ለጉንፋን ጎረቤት የሰጠችዎትን አሞክሳሲሊንም ቢሆን። የግድ የሚያስፈልግ ሲሆን ይወስዳሉ፤ ሐኪሙ ግን አውቆ ይምረጥ፣ ለአጭር ጊዜም ያድርገው። ለዚህ የሚከተለውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድም ቢሆን ያሳዩት፦ «ሴፍትሪያክሶን ከወሰድኩ በኋላ የሲ ዲፊሲል ተቅማጥ ይዞኛል፤ በሜትሮኒዳዞል ታክሜ ተመልሶብኛል። አንቲባዮቲክ ከማዘዝዎ በፊት ይህን ያገናዝቡ፤ ተቅማጥ ከጀመረኝ ለሲ ዲፊሲል ይመርምሩኝ።» የወጡበትን ቀንና የሆስፒታል ካርድ ቁጥርዎን ከሥሩ ይጨምሩበት፤ ቫንኮማይሲን ሲጀምሩ ደግሞ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ቀን።